ሚዜዬ የከፈለልኝ ሽርሽር

ፊላደልፊያ ደርሼ መመለሴ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድ ሱቅ፣ አንድ ሚዜ፣ እና ያልታሰበ የሦስት ሰው የአውቶቡስ መመለሻ ትኬት። ጉዞው ራሱ ግን በነጻ ነበር። ሆቴሉም፣ አስጎብኚዋም፣ ቁርሱም። የከፈለልኝ ሚዜዬ ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ታዝኑልኛላችሁ፤ ሰው ሲያዝንልኝ ደግሞ ገላዬን ያሳክከኛል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

የመርካቶ ልጅ ነኝ። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ አውቶቡስ ተራ ካልሲ ሳዞር ነው ያደግሁት። ተቀዶ የተለጠፈ ብር በጣቴ፣ የሚገዛውንና ዝም ብሎ የሚነካካውን በዓይኔ እለያለሁ። ቶሮንቶ ስመጣ ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ቆየሁና፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ በፀጉር ቤትና በልብስ ማጠቢያ መካከል አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ የባልትና ሱቅ ከፈትኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ጠዋት ጠዋት እንጀራ። ጨው የበዛበትን በርበሬ ከረጢቱ ሳይፈታ በጠረኑ አውቀዋለሁ። አንድ አከፋፋይ ደረሰኝ ላይ ሁለት ዶላር ጨምሮብኝ ብሉር ጎዳና ድረስ ከሄደበት አስመልሼዋለሁ። «እኔን የሚያታልል ገና አልተወለደም» እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ እፎክር ነበር። ተወልዶ፣ አድጎ፣ ከኋላዬ በርበሬ እየመዘነ ይሰማኝ እንደነበር አላወቅሁም።

ደረጀ ይባላል። የሰርጌ ቀን አንደኛ ሚዜዬ እሱ ነበር። እንደ ወጉ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ለባለቤቴ ለአስቴር ወንድም ሊሆናት ቃል ገብቷል፤ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «ወንድሜ» ነው የምትለው። ሱቁን ስከፍት እሱ ታክሲ ይነዳ ነበር። «ተወው ይሄን መሪ፤ ና ግባ፣ የኛ ሱቅ ነው፤ ግማሹ ያንተ ነው» አልኩት። ገባ። ወረቀት የሚባል ነገር አልተጻፈም፤ ሚዜ ከሚዜው ጋር ምን ይጻጻፋል? አስራ አንድ ዓመት አብረን ሠራን። ደመወዙን አንድ ቀን አሳልፌበት አላውቅም። የግማሹን ነገር «ትንሽ እንደላደልና» ብዬው ነበር። ከዚያ ፍሪጁ ተበላሸ፤ ከዚያ ኪራይ ተጨመረ፤ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። እሱም ደግሞ አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁት።

በጁን ወር አንድ ቀን ደረጀ ፖስታ ይዞ መጣ። ውስጡ ኦገስት ላይ የሚደረግ፣ ለቤተሰብ የተዘጋጀ የአምስት ቀን ጉብኝት አለ፤ የጥንቷን አሜሪካ ታሪክ የሚያሳይ። በአውቶቡስ ፊላደልፊያ፣ ከዚያ ቦስተን፤ አስጎብኚ አለው፤ ሆቴሉ ተከፍሏል። ለአስራ አምስተኛ ዓመት ጋብቻችን ስጦታ ነው አለ። አስቴር እንባዋ መጣ። እውነቷን ነው፤ ከገናና ከፋሲካ በቀር ሱቁን ዘግቼላት አላውቅም። የአስራ ሦስት ዓመቷ ልጃችን ሊያ ደግሞ የድሮ ታሪክ ስትወድ ለጉድ ነው፤ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ቦስተን ወደብ ላይ ስለተደፋው ሻይ ታስረዳን ጀመር። ግብር አንከፍልም ብለው በመርከብ የመጣ ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉት አለችን። እኔ የነጋዴ ነገር ሆኖብኝ፣ የተደፋውን ሻይ ሒሳብ ማን ከፈለ ብዬ ጠየቅኋት። አታውቀውም። «እዚያ ስንደርስ አስጎብኚዋን እንጠይቃለን» አለችኝ። ለእኔ ጉዞው እዚህ ላይ ነው ትርጉም ያገኘው።

ሱቁን ማን ይጠብቃል አልኩ። ደረጀ ሳቀ።

«እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ? ሂድ ረፍ። ስልክህንም ዝጋው፤ ሮሚንግ የሚሉት የውጭ አገር የስልክ ሒሳብ አጥንትህ ድረስ ነው የሚግጥህ። ችግር ካለ በአስቴር ዋትሳፕ ማታ ማታ ሆቴል ስትገቡ እጽፍላችኋለሁ።»

ለሰው ገንዘብ እንዲህ የሚጠነቀቅ ጓደኛ ስላለኝ ደስ አለኝ።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ጠዋት ሚጥሚጣ እየመዘንኩ ሳለ ሦስት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። የሱቁ ኪራይ ውል ኦገስት መጨረሻ ያልቃል፤ ይሄንን ሁለታችንም እናውቃለን። የቤቱ አከራይ፣ ዳንፎርዝ ላይ ያረጁ ግሪካዊ ሽማግሌ፣ ለእድሳቱ ፊርማህን ይፈልጋሉ አለኝ። ጣቱን አስቀመጠ፤ እዚህ፣ እዚህ፣ እና እዚህ።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ ዛሬ ድረስ የምመላለስበት።

«አንብበው እንጂ» አለኝ።

እዚህ ላይ ልቁም። እኔ የማላነብ ሰው አይደለሁም። እንግሊዝኛዬ የመንገድ ቢሆንም ደረሰኝ ላይ ያለች ነጥብ አታመልጠኝም። ግን አስቡት፤ አስራ አምስት ዓመት ሚዜዬ የሆነ ሰው ፊቴ ቆሞ፣ ያመጣውን ወረቀት አንስቼ ከላይ እስከ ታች ላነብ? በኛ ዘንድ ይሄ «አላምንህም» ብሎ ግንባሩ ላይ መጻፍ ነው። አንብበው ማለት የሱ ጨዋነት ነው፤ አለማንበብ የኔ። ሁለታችንም ተራችንን እናውቃለን።

«ሂድ ወዲያ፤ ያንተን ወረቀት ነው እንዴ የማነበው?» ብዬው እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። የሽሮ ከረጢት ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። አንድ ኪሎ ሚጥሚጣ ከመመዘን ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደብኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሃያ ምናምን ሰው ነበርን። የአሜሪካ ድንበር ላይ ሠራተኛው ፓስፖርታችንን ደርድሮ፣ አባት፣ እናትና ልጅ ለምን ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም እንዳላቸው ጠየቀ። እኔ የአባቴን ስም፣ አስቴር የአባቷን፣ ሊያ ደግሞ የኔን እንደምንይዝ ሳስረዳው ቆየሁ። ሰውየው አሰበና «ታዲያ አንድ ቤተሰብ መሆናችሁን ማን ያረጋግጣል?» አለኝ። ሚዜዬ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ፊላደልፊያ ላይ የተቀበሉን አስጎብኚ ሚስ ሩት ይባላሉ። የከተማዋ ተወላጅ የሆኑ ጥቁር አሮጊት፤ ረጅም የጥንት ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ቆብ አድርገው፣ እግራቸው ላይ ግን የሩጫ ጫማ። መጀመሪያ የወሰዱን የአሜሪካ የነጻነት ወረቀት ወደተፈረመበት አዳራሽ ነው። ጠረጴዛዎቹ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሰዋል። ሰዎቹ ረቂቁ ላይ ለቀናት ቃል በቃል እንደተጨቃጨቁበት፣ እንደሰረዙ፣ እንደደለዙ ነገሩን። ከፈረሙ በኋላ ነገሩ ቢከሽፍ የሚጠብቃቸው የስቅላት ገመድ ነበር አሉ። ስለዚህ የሚፈርሙትን ያውቁ ነበር።

ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። እኔ ገጽ መቁጠር ጀመርኩ። የፈረምኩት ሦስት ገጽ ነው። ሽማግሌው ባለፈው ጊዜ ውሉን ሲያድሱልኝ የላኩት አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ሁለቱ ገጾች ምን ይላሉ?

ሊያ አየችኝ። «ዳድ፣ ኦኬ ነህ?»

«እግሬን ነው» አልኳት።

ከዚያ የነጻነት ደወል የሚሉትን የተሰነጠቀ ደወል አየን። ለተሰነጠቀ ደወል ሰው በዚያ ፀሐይ ተሰልፎ ሲጠብቅ ሳይ፣ መርካቶ ቢሆን በስንት ቅናሽ እንደሚሄድ ለአስቴር ነግሬ አሳቅኋት። ሳቋ ደስ አለኝ። ራሴንም ገሰጽኩት። ሰው ከፍሎ ሽርሽር የሰደደህን ወንድም ትጠረጥራለህ አልኩት። አስቴር እንኳ ትናንት ማታ ሆቴል ስንገባ ደረጀ የጻፈላትን አሳይታኛለች፤ «ሁሉ ሰላም ነው፤ ተዝናኑ» ይላል።

ቀጥሎ ያለው ቦታ ጣሪያ የለውም። የመጀመሪያው ፕሬዚደንት የኖሩበት ቤት መሠረቱና ጥቂት ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው። ሚስ ሩት ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጥላ ሥር ሰበሰቡን። በዚያ ቤት ውስጥ በባርነት ያገለግሉ ከነበሩት መካከል ስለ አንዲት ወጣት ሴት ይነግሩን ጀመር። የእመቤቲቱን ልብስና ፀጉር የምታሰናዳ፣ ከጎኗ የማትጠፋ። ቤተሰቡ ወደ ደቡብ አገሩ ሊመለስ ጓዙን ይጠቀልላል። እሷም ታግዛለች።

ሚስ ሩት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እነሱ ለጉዞ ይጠቀልላሉ። እሷም ትጠቀልላለች። ግን ለራሷ ጉዞ። ጌቶቿ እራት ላይ እንደተቀመጡ በበሩ ወጣች። መርከብ ተሳፍራ ሄደች። ቢያፈላልጓትም አልተያዘችም።»

ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁ አላውቅም።

«ባለቤቶቹ መቼ አወቁ?» አልኩ።

ሃያ ምናምን ሰው ዞሮ አየኝ። ሊያ ጆሮዋ ቀላ።

«ዳድ» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ «ሺ ዎዝ ኤ ስሌቭ።»

«ባሪያ እንደነበረች አውቃለሁ። የጠየቅሁት ሰዓቱን ነው።»

ሚስ ሩት አልተቆጡም። ትንሽ አዩኝና «ይመስለኛል» አሉ፣ «እስከ ሆነ ሰዓት ድረስ እንደ ሁልጊዜው ጎን ክፍል ያለች መስሏቸው ነበር።»

እንደ ሁልጊዜው ጎን ክፍል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ «ደሬ!» ስል «አቤት» የሚለኝ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ከጓዳው፣ ከከረጢቶቹ መሐል። እኔ ሻንጣ ስጠቀልል እሱ ጓዳው ውስጥ ካርቶን ሲያጣጥፍ ነበር። ምን ትሠራለህ ስለው፣ ዕቃ እያደራጀሁ ነው ብሎኛል። ስቄ አልፌዋለሁ። ላባችሁ ቀዝቅዞ ያውቃል? ኦገስት ወር፣ ፀሐይ ላይ?

ሌላው ሰው ወደ ውሃ መሸጫው ሲሄድ ሚስ ሩትን ስልክ ለመንኳቸው። የኔ ተዘግቷል፤ ሮሚንግ አጥንት ይግጣል። ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። የሱቄን ቁጥር ጻፍኩ። በዚያ ሰዓት ደረጀ የሚያየው የማያውቀውን የአሜሪካ ቁጥር ነው።

ሁለቴ ጠራ።

«ሄሎ፣ ደረጀ ባልትና» አለ።

ስሙን ልድገመው፤ ደረጀ ባልትና። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ደስ ያለው፣ የባለቤት ድምፅ ነበር። አስራ አንድ ዓመት በዚያ ስልክ ላይ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«ጥሩ ስም ነው» አልኩት።

ከጀርባው የእንጀራ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፤ ደንበኛ አለ ማለት ነው። «ትንሽ ጠብቂኝ እህቴ» አላትና ጓዳ ገባ። በሩን ዘጋው። የዚያ በር ማጠፊያ ዘይት እንደሚያስፈልገው ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

«ታዲ» አለኝ፣ «ቅዳሜ ከመመለስህ በፊት ትደውላለህ ብዬ አላሰብኩም።»

«ምንድን ነው የፈረምኩት?»

«የኪራይ ውሉን ለኔ ማስተላለፍህን። ሽማግሌው ተስማምተዋል፤ ጡረታ ልትወጣ እንደሆነ ነው የነገርኳቸው። ዕቃህን አልነካሁም። ቦታውን ነው።»

ቦታውን ነው። ዳንፎርዝ ላይ ያለ ነጋዴ ይህንን ሲሰማ ይገባዋል። ሰው ለበርበሬው አይመጣም፤ በርበሬ ሁሉም ጋ አለ። ለበሩ ነው የሚመጣው።

«ሚዜዬ አይደለህም እንዴ?» አልኩት።

«አንብበው ብዬህ ነበር» አለኝ።

«ያንተን ወረቀት እኔ አነባለሁ?»

«አታነብም። አውቃለሁ። እኔም አስራ አንድ ዓመት ‹ግማሹ ያንተ ነው› ስትለኝ ወረቀት አልጠየቅሁህም። ነውር ነዋ። ሁለታችንም ነውር እናውቃለን፤ አንተ ጋ ግን ነውሩ ሱቅ ሆነ፣ እኔ ጋ ደመወዝ።»

አውቶቡስ ተራ ያሳደገው፣ ስንት አከፋፋይ ያስለቀሰ አንደበት ያወጣው ይቺኑ ነው። «ብትጠይቀኝ ኖሮ» ብዬ ጀመርኩ። እሱም «ጠይቄህ ነበር፤ ፍሪጁ የተበላሸ ጊዜ» አለ። ረስቼዋለሁ። አሁንም አላስታውስም። ጠይቆ ይሆናል።

ይሄን ጊዜ አስቴር ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ትጮኻለች ብዬ ነበር።

«ወንድሜ» አለችው፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ከዚያ ጠበቀች። እኔ የሚለው አይሰማኝም፤ የሚል ነገርም ያለ አልመሰለኝም። እንደገና «ወንድሜ» አለች። ከዚያ ስልኩን ዘግታ፣ በሻርፗ ጠርጋ፣ ለሚስ ሩት አመስግና መለሰችላቸው።

ሚስ ሩት አንድ ቃል አልገባቸውም፤ ግን ሁሉም ነገር ገባቸው። «ቤት ውስጥ ችግር አለ?» አሉኝ። እኛም እንደዚያ ቤት ሰዎች እራት ላይ ነበርን አልኳቸው። እጄን ይዘው ቆዩ።

ለጉብኝቱ አስተባባሪ መመለስ አለብን ስንለው፣ ትኬቱ ስጦታ ስለሆነ ተመላሽ የለውም አለን። በማግስቱ ማለዳ ሌሎቹ ለቦስተን ተሳፈሩ፤ እኛ ሻንጣችንን ይዘን ተራ የሕዝብ አውቶቡስ ጠበቅን። ሊያ መስኮት ለመስኮት እጇን አውለበለበችላቸው። «ሻዩስ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ አልኳት።

መንገዱ ቀኑን ሙሉ ነው። አስቴር ከፊታችን ብቻዋን ተቀመጠች። ሊያ ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን በኛ ቋንቋ፣ በጥንቃቄ፣ ቃሉን እየመረጠች ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ጋሼ ደሬን ግማሹ ያንተ ነው ብለኸው ነበር?»

«ብዬው ነበር።»

«ሰጠኸው?»

«ደመወዙን አንድ ቀን አሳልፌበት አላውቅም።»

«ዛትስ ኖት ዋት አይ አስክድ።» የጠየቅሁህ እሱን አይደለም ማለቷ ነው።

ደኑን ማየት ጀመርኩ። ብዙ ደን አለ በዚያ መንገድ። እኔን ያታለለኝን ሰው ነበር የምፈልገው፤ ከልጄ ጋር አብረን እንድንሰድበው። እሷ ግን ሌላ ነገር ትመዝን ነበር፤ ሚዛኗን ከማን እንደተማረች ደግሞ አውቃለሁ።

ዳንፎርዝ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከባቡር ጣቢያው ሦስት ሻንጣ እየጎተትን መጣን። የሱቁ የስም ሰሌዳ ተቀይሯል። አዲሱ ከኔው ያምራል፤ አረንጓዴ ላይ ነጭ። የኔ ሰሌዳ ግድግዳው ጥግ ፊቱን አዙሮ ቆሟል፤ እንደተቀጣ ተማሪ። ቁልፌን አወጣሁ። ገባ፣ አልዞረም። ደንበኛዬ የነበረች አንዲት ሴት ከውስጥ አየችኝና የገዛችውን ሽሮ አቅፋ ጎንበስ ብላ ወጣች። እንኳን ለረፍት አበቃህ አለችኝ።

ደረጀ በሩን ከፈተ። ሽርጥ ለብሷል። የኔን ሽርጥ አይደለም፤ አዲስ ነው።

«ግባ» አለኝ።

የገዛ ሱቄ ውስጥ ግባ ስባል ገባሁ። አስቴር ውጭ ቀረች። ጓዳው ውስጥ ካርቶኖቹ ተደርድረዋል፤ በየካርቶኑ ላይ ስሜና ኪሎው በጥንቃቄ ተጽፏል። ግማሹ ይሄ ነው አለኝ፤ ግማሹ እሱ ጋ ቀርቷል። ስልክ ላይ ዕቃህን አልነካሁም ያለኝስ አልኩት። ያንተን አልነካሁም፣ የኔን ነው የወሰድኩት አለ። ከዚያ በአገጩ ወደ ካርቶኖቹ አመለከተ።

«ቁጠረው።»

«አልቆጥርም» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ፤ የልማድ ነገር። «ያንተን ቆጠራ እኔ እቆጥራለሁ?» ልለው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሊያን አየኋት፤ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ተንበረከክሁና ቆጠርኩ። ካርቶን ከፍቼ፣ ከረጢት ፈትቼ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጬ። እሱ ፊት። እያንዳንዱ ከረጢት ስድብ ነበር፤ ለሱም ለኔም። ላቡ ግንባሩ ላይ ሲወርድ አየሁት፤ አንድም ጊዜ ግን ፊቱን አላዞረም።

አንድ ግራም አልጎደለም። በርበሬው አስራ ሦስት ከረጢት ነበር፤ ስድስት ስድስት ተካፍሎ፣ አስራ ሦስተኛውን ፈትቶ ግማሹን በአዲስ ላስቲክ ቋጥሮ አስቀምጦልኛል። ያን ላስቲክ አንስቼ እንደገና መዘንኩት። ሌባ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሌባ በርበሬ ፈትቶ አያካፍልም።

ስንወጣ አስቴር በዚያው ቆማለች። እሱ ተከትሎን ወጣ። አንገቱን ሰብሮ «አስቱ» አላት።

«እሱ ከልክሎህ ከሆነ» አለችው፣ «ለምን ለኔ አልነገርከኝም? ሽማግሌ ፊት ወንድም የሆንከው ለሱ ሳይሆን ለኔ ነው።»

«ብነግርሽ ለሱ ትነግሪው ነበር።»

«እነግረው ነበር። ግማሹንም ትወስድ ነበር። በኔ በኩል ነበር የምትወስደው።»

ያን ጊዜ ብቻ ነው ፊቱ የፈረሰው። እኔን ሲነቅለኝ ያልፈረሰው ፊት። ገብቶ በሩን ዘጋ። በሩ ላይ የተንጠለጠለችውን ሰሌዳ ገለበጣት፤ ተዘግቷል ትላለች። ለኔ ሱቅ በዚያ ሰዓት የማይታሰብ ነገር ነው፤ ሰው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ነው።

ከዚያ የሆነውን አሳጥራለሁ። ጠበቃ ጋ ሄድኩ፤ ወረቀቱን አንብባ ማስገደድ ነበረ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ አንብበው ማለቱን ስነግራት እስክሪብቶዋን ዘጋች። ግሪካዊው ሽማግሌ በጡረታዬ ደስ እንዳላቸው ነግረውኝ ሲያበቁ፣ ነገሩን ሲሰሙ ቁጭ አሉ፤ ግን ፈርመዋል። የኛ ሰዎች ሽማግሌ ልከው አቀራረቡን። ሽማግሌዎቹ ደረጀን «ለምን እንዲህ አደረግህ» ብለው ጠየቁት፤ እኔን ደግሞ «ግማሹን ብለኸው ነበር ወይ» አሉኝ። የሁለታችንም መልስ አጭር ነበር። ይቅር ተባባሉ ብለው ሄዱ። አልተባባልንም።

አሁን እናንተን ላናግር። ይህን የማጫውታችሁ ታማኝ ጓደኛ የለም ልላችሁ አይደለም። በደረጀ ተክጃለሁ፤ ይሄንን ማንም አይፍቅልኝም። ጉዞ ከፍሎ፣ ሚስቴን አስደስቶ፣ ስልኬን አስዘግቶ፣ ልጄ ፊት ከሱቄ ነቅሎኛል። ብልጥ ነኝ የሚል ሰው የሚታለለው በገንዘብ አይደለም፤ በጨዋነቱ ነው። ግን ደግሞ፣ አስራ አንድ ዓመት «የኛ» እያልኩ «የኔ» ስጽፍ የቆየሁት ሰው እኔ ነኝ። የሱን ወረቀት ያላነበብኩትና ለሱ ወረቀት ያልሰጠሁት በአንድ እጅ ነው። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ፣ ሱቃችሁ ውስጥ፣ ጎን ክፍል ውስጥ «አቤት» የሚል ሰው ካለ፣ ለሱ የተባለ ግን ያልተጻፈ ነገር እንዳለ አስቡ። ከዚያ ጻፉት። ከዚያ እሱ ሲያነበው ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

እኔ ሞክሬዋለሁ። የቶሮንቶ ዳርቻ ስካርቦሮ ውስጥ፣ ከባቡር ሩቅ፣ ከዳንፎርዝ የበለጠ ሩቅ፣ አዲስ ሱቅ ስከፍት ግማሹን በአስቴር ስም አስጻፍኩ። አራት ገጽ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬላት «አንብቢው» አልኳት። ትፈርማለች ብዬ እስክሪብቶውን እጄ ላይ ይዤ ነበር። አስቴር መነጽሯን አምጥታ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛው ላይ ሊያን ጠርታ አንድ ቃል አስተረጎመች። እኔ ሻይ አፈላሁ፤ ቀዘቀዘ፤ እንደገና አፈላሁ። ምን ያህል እንዳሳመመኝ ልነግራችሁ አልችልም። አስራ አምስት ዓመት ጎኗ የተኛሁት ሴት፣ ፊቴ ተቀምጣ ታነበኛለች። አራተኛውን ገጽ ጨርሳ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። አንድ መስመር ሰርዛ አስተካከለች። ከዚያ ፈረመች።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የዳንፎርዙ ሱቅ የለም። ሚዜ የለም። ዕቃው ግማሽ ነበር፤ ተሸጦ አልቋል። አዲሱ ሱቅ ግማሹ የኔ ነው። ቦስተንን አላየንም።